የመቍረጥና የመቀጠል ጥበብ፤ የሰርጌይ አይዘንስታይን የሕይወት ታሪክ

ድር ከማግ ሳይገናኝ ሸማ እንደማይሆን ሁሉ፥ የተነሣ ሥዕልም ከሌላ ሥዕል ጋር ሳይቀናጅ ፊልም አይሆንም። ተመልካች በጨለማ አዳራሽ ተቀምጦ አንድ ወጥ ታሪክ ያየ ይመስለዋል፤ የሚያየው ግን በልዩ ልዩ ቀንና በልዩ ልዩ ስፍራ ተነሥተው፥ ተመርጠውና ተለክተው የተቀጣጠሉ ብዙ ቍራጮችን ነው። ይህ ሥራ የፊልም ቅንብር ይባላል። ዛሬ በኮምፒዩተር ይከናወናል፤ በመጀመሪያው ዘመን ግን መሣሪያው መቀስና ማጣበቂያ ነበር። ቅንብር የእጅ ሥራ ብቻ ሳይሆን የአእምሮም ሥራ መሆኑን በፊልሙም በትምህርቱም ካስረዱት ሰዎች አንዱ፥ የሶቪየት ኅብረቱ የፊልም ሊቅ ሰርጌይ ሚካይሎቪች አይዘንስታይን ነው።

አይዘንስታይን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጥር ወር 1898 ዓ.ም. በሪጋ ከተማ ተወለደ። ሪጋ ዛሬ የላትቪያ ዋና ከተማ ስትሆን፥ በዚያን ጊዜ በሩስያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ውስጥ ነበረች። አባቱ በከተማይቱ ጎዳናዎች ላይ እስከ ዛሬ የሚታዩ ጌጠኛ ሕንጻዎችን የነደፈ መሐንዲስ ነበር። ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ተለያዩ። እርሱም የአባቱን ሙያ ለመከተል በ1915 ዓ.ም. በፔትሮግራድ የሲቪል መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ገባ። ነገር ግን የሩስያ አብዮት ይህን መንገድ አቋረጠው። በ1918 ዓ.ም. ልጁ በቀይ ጦር ውስጥ ሲገባ አባቱ በተቃራኒው ወገን ቆመ፤ በ1920 ዓ.ም.ም በስደት ሳለ በበርሊን ሞተ።

በዚያው ዓመት አይዘንስታይን የጃፓንን ቋንቋ መማር ጀመረ። ትምህርቱን ባይፈጽመውም፥ ከአጻጻፉ አንድ ትልቅ ነገር አገኘ። በዚያ አጻጻፍ የዓይንና የውሃ ምልክት ባንድነት ሲጻፍ ዕንባ ይሆናል፤ የአፍና የወፍ ምልክትም ባንድነት ሲጻፍ የወፍ ዝማሬን ያመለክታል። ሁለት የሚታዩ ነገሮች ሲጋጠሙ፥ በሁለቱም ውስጥ ያልነበረ ሦስተኛ ሐሳብ ይወለዳል ማለት ነው። ከሰሙ ወርቁን ማውጣት ለለመደ የቅኔ ተማሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አይዘንስታይን በ1929 ዓ.ም. በጻፈው ድርሰት ይህንኑ ምሳሌ አድርጎ የፊልም ቅንብርን መሠረት አስረዳበት።

በሞስኮ መጀመሪያ ያደረው ለቴአትር ነበር፤ ከታወቀው ዲሬክተር ከሜየርሆልድም ተማረ። ከዚያ በኋላ በሌቭ ኩሌሾቭ የፊልም ትምህርት ክፍል ጥቂት ወራት ቆየ። ኩሌሾቭ የአንድ ተዋናይ ስሜት የማይታይበትን ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳሕን፥ አንድ ጊዜም ከሬሳ ሣጥን ጋር እያጋጠመ ባሳየ ጊዜ፥ ተመልካቾቹ በዚያው በማይለወጠው ፊት ላይ ረኃብንና ኀዘንን እንዳዩ ይነገራል። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ አይዘንስታይን ኤስፊር ሹብ ከተባለችው የቅንብር ባለሙያ ጋር ሆኖ፥ የጀርመናዊውን የፍሪትዝ ላንግን ፊልም ለሶቪየት ተመልካች እንደገና አቀናበረ። እንዲህም ሌላ ሰው የሰፋውን ፈትቶ በመስፋት ሙያውን ለመደ።

በ1925 ዓ.ም. የመጀመሪያው ትልቅ ፊልሙ አድማ ታየ። በታኅሣሥ ወር 1925 ዓ.ም. ደግሞ የጦር መርከብ ፖተምኪን በሞስኮ በቦልሾይ ቴአትር ቀረበ። ታሪኩ በ1905 ዓ.ም. በጥቁር ባሕር ላይ ስለ ተነሣው የመርከበኞች ዐመፅ ነው። ከሁሉ ይልቅ ስሙን ያስጠራው በኦዴሳ ከተማ በትልቁ የድንጋይ ደረጃ ላይ የሚታየው ክፍል ነው። ወታደሮች ተሰልፈው ይወርዳሉ፤ ሕዝቡ ይሸሻል፤ አንዲት እናት የቈሰለ ልጇን ታቅፋ በወታደሮቹ ፊት ወደ ላይ ትወጣለች፤ የሌላይቱ እናት ሕፃን የተኛበት ጋሪ ብቻውን ወደ ታች ይንከባለላል። በእግር ቶሎ የሚወረደው ደረጃ፥ አጫጭር ቍራጮች እየተፈራረቁ ስለ ተቀጠሉ፥ መጨረሻ የሌለው መስሎ ይታያል። በክሪምያ በአሉፕካ ቤተ መንግሥት የሚገኙ ሦስት የድንጋይ አንበሶች፥ አንዱ የተኛ፥ አንዱ የነቃ፥ አንዱ የተነሣ፥ ተከታትለው በመቀጠላቸው አንድ አንበሳ ከእንቅልፉ በቍጣ የተነሣ ይመስላል። ድንጋዩን ያንቀሳቀሰው ቅንብር ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ኀይል አደጋም ሊዘነጋ አይገባውም። በ1905 ዓ.ም. በኦዴሳ ብዙ ሰው መገደሉ እርግጥ ነው፤ በደረጃው ላይ በፊልሙ እንደሚታየው ያለ እልቂት ግን አልሆነም። ብዙ ሰዎች ግን የተቀናበረውን እንደ ተፈጸመ ታሪክ አድርገው ተቀበሉት።

መቀሱም ሁልጊዜ በእርሱ እጅ አልቆየም። ጥቅምት የተባለው ፊልሙ በ1928 ዓ.ም. ከመታየቱ በፊት፥ ከሥልጣን የወደቀው ትሮትስኪ የሚታይባቸውን ክፍሎች ለማውጣት ተገደደ። ከ1930 እስከ 1932 ዓ.ም. በሜክሲኮ ብዙ ፊልም አነሣ፤ ገንዘቡን ያቀረበው አሜሪካዊው ደራሲ አፕተን ሲንክሌር፥ ጊዜውና ወጪው ስለ በዛበት ሥራውን አስቆመ። የተነሣው ፊልም ለአይዘንስታይን አልተመለሰም፤ ሌሎች ሰዎች እንደ ፈቀዱ ቀጠሉት። ቅንብርን ለዓለም ያስተማረው ሰው የራሱን ፊልም ሳያቀናብር ቀረ።

ወደ አገሩ ሲመለስ በሞስኮ የፊልም ትምህርት ቤት ማስተማሩን ያዘ፤ በ1937 ዓ.ም. የፕሮፌሰርነት ማዕርግ ተሰጠው። ተማሪው ቭላዲሚር ኒዥኒ ያሳተመው የክፍል ማስታወሻ አሠራሩን ይገልጻል። አንደኛው ትምህርት የሄይቲው ጥቁር ጀግና ዣን ዣክ ደሳሊን፥ ፈረንሳውያን በግብዣ ሊይዙት ባሰቡ ጊዜ በመስኮት ዘሎ ያመለጠበትን ታሪክ የሚመለከት ነበር። አይዘንስታይን መልሱን አይሰጣቸውም ነበር። በሩ በየት በኩል ይሁን፥ ገበታው የት ይቀመጥ፥ ጀግናው አደጋውን መቼ ይወቅ እያለ ይጠይቃል፤ ተማሪዎቹ ይከራከራሉ፤ የሚስማሙበት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሣላል። ስሕተት ሲገኝም ምክንያቱ ይመረመራል። በመጨረሻ ትዕይንቱ በየቍራጩ ይከፈላል፤ አንዱ ቍራጭ ከሌላው በፊት ስለ ምን እንደሚቀድም እያንዳንዱ ተማሪ እንዲያስረዳ ይጠየቃል።

በማስተማር ላይ ሳለም መከራው አልተቋረጠም። የቤዥን ሜዳ የተባለው ፊልሙ በመጋቢት 1937 ዓ.ም. በመንግሥት ትእዛዝ ታገደ፤ እርሱም ጥፋቱን በአደባባይ እንዲናዘዝ ተደረገ። ፊልሙ ጠፋ፤ ነገር ግን ከቅንብሩ ጠረጴዛ የቀሩ ጥቂት ቅንጣቢዎችን ባለቤቱ ፔራ አታሼቫ ጠብቃ አቆየቻቸው። ከሞተ በኋላ በ1967 ዓ.ም. ሰርጌይ ዩትኬቪችና ናውም ክሌይማን እነዚያን የማይንቀሳቀሱ ምስሎች አሰናድተው፥ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ፊልም አደረጓቸው።

በ1938 ዓ.ም. ከሙዚቃ ደራሲው ከፕሮኮፊየቭ ጋር አሌክሳንደር ኔቭስኪን ሠራ። አንዳንድ ጊዜ ሙዚቃው ለተቀናበረው ሥዕል ይደረስ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ሥዕሉ ለሙዚቃው ይለካ ነበር። የኢቫን አስፈሪውን ሁለተኛ ክፍል አቀናብሮ እንደ ጨረሰ፥ በየካቲት 1946 ዓ.ም. በልብ ሕመም ወደቀ። ያም ፊልም ታግዶ እስከ 1958 ዓ.ም. አልታየም። አይዘንስታይን ይህን ሳያይ በየካቲት 1948 ዓ.ም. በተወለደ በ50 ዓመቱ ዐረፈ።

ብዙ ሥራው በሌሎች መቀስ ተቈርጧል፤ ለተማሪዎቹ ያስረከበው የማሰብ ሥርዐት ግን አልተቈረጠም። መምህርም በየቀኑ ትምህርትን ከትምህርት የሚቀጥል ሰው ነው። የትኛው እንዲቀድምና የትኛው እንዲከተል በጥንቃቄ ከመረጠ፥ በሁለቱም ያልተጻፈው ሦስተኛው ሐሳብ በተማሪው ልብ ይወለዳል፤ የሚቀጥለውም ነገር እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ከሁሉ የሚቀድም ግዴታው ነው።