ቻርልስ ዋረን ቶርንትዌይት

ቻርልስ ዋረን ቶርንትዌይት (እ.ኤ.አ. 1899 – 1963) አሜሪካዊ የመልክዓ ምድርና የአየር ንብረት ሊቅ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው ድርቅ በዝናብ መጠን ብቻ እንደማይለካ፣ አፈርና ዕፅዋት የሚፈልጉት ውሃም አብሮ መታሰብ እንዳለበት በማሳየቱ ነው።

ሕይወቱ

በሚሺጋን ግዛት፣ በፒንኮኒንግ አቅራቢያ ተወለደ። ከ1927 እስከ 1934 በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። የዶክትሬት ዲግሪውን ያገኘው በበርክሊ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1930ዎቹ ድርቅና ነፋስ የኦክላሆማንና የአጎራባች ግዛቶችን የእርሻ አፈር ጠርገው ወሰዱ፤ ብዙ ገበሬዎችም ቀያቸውን ለቀው ተሰደዱ። ቶርንትዌይት በ1935 በአሜሪካ መንግሥት የአፈር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ እስከ 1946 ሠራ። በ1951 የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት የአየር ንብረት ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ሆነ።

የውሃ ሒሳብ

በ1948 ባሳተመው ጥናቱ፣ መሬቱ በቂ ውሃ ቢያገኝ ኖሮ ከአፈርና ከዕፅዋት ምን ያህል ውሃ ሊተን እንደሚችል የሚያሰላ ቀመር አቀረበ። በ1955 ደግሞ ከጆን ማዘር ጋር ሐሳቡን አስፋፋው። አሠራሩ እንደ ቤት ወጪ ሒሳብ ነው፦ ዝናብ ገቢ፣ ትነት ወጪ፣ በአፈር ውስጥ ያለው ርጥበት ደግሞ ተቀማጭ ነው። ወጪው ከገቢው ሲበልጥ ተክሉ ከተቀማጩ ይጠጣል፤ ተቀማጩ ሲያልቅ ይጠወልጋል።

ለምሳሌ ድሬዳዋና ለንደን በዓመት የሚያገኙት ዝናብ ተቀራራቢ ሲሆን 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለንደን ግን ቀዝቃዛ ስለሆነች አፈሯ አብዛኛውን ጊዜ እርጥብ ነው። ቆላማዋ ድሬዳዋ ሞቃታማ በመሆኗ ፀሐይ መልሳ ልትወስደው የምትችለው ውሃ ከሚዘንበው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ የዝናብ መለኪያ ብቻውን የሁለቱን ከተሞች ልዩነት አያሳይም።

ጉድለቱና ውርሱ

ቀመሩ የሚጠይቀው የሙቀት መጠንንና የቀኑን ርዝመት ብቻ ነው። በዚህም የመለኪያ መሣሪያ በማይበዛባቸው አገሮች ለመጠቀም ቀላል ሆኗል። ነገር ግን ነፋስንና የአየር እርጥበትን ስለማያካትት በደረቅ አካባቢዎች ትነቱን አሳንሶ ያሳያል። ዌይን ፓልመር በ1965 ያወጣው የታወቀ የድርቅ መለኪያ የተመሠረተው በዚሁ ቀመር ላይ ነበር።

ቶርንትዌይት በሰኔ ወር 1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1963) አረፈ። ዛሬ ሳተላይቶች የአፈርን ርጥበት ከጠፈር ይለካሉ፤ ሆኖም በቀጥታ የሚያዩት የላይኛውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። የማሽላ ሥር የሚደርስበት ጥልቀት ምን ያህል ውሃ እንደቀረው ለማወቅ አሁንም ገቢና ወጪን ማስላት ያስፈልጋል።