ሻምበል አበበ ቢቂላ፤ በእግሩም ያለ እግሩም የተወዳደረ ሰው

እኛ የደባርቅና የዳባት ልጆች መንገድን ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ብዙዎቻችን ከስሜን ተራሮች ግርጌ ካሉት ቀበሌዎች ማልደን ተነሥተን፣ አመዳይ ያነጣውን ሣር እየረገጥን ትምህርት ቤት ደርሰናል። ጫማ ያለውና ጫማ የሌለው ልጅ ባንድ ወንበር ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ያስደነቀውን የሻምበል አበበ ቢቂላን ታሪክ መረጥን። የሮሙን ድል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ብዙ ሰው አይተርከውም፤ እኛም በይበልጥ ልንናገር የወደድነው ይህንኑ ነው።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ደጋ፣ በመንዲዳ አጠገብ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ገና አራት ዓመት ሳይሞላው ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ወረረች፤ ቤተሰቡም ከቀዬው ለመሸሽ ተገደደ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ልጅነቱ እንደ ማንኛውም የደጋ ልጅ ከብት በመጠበቅና ገና በመጫወት አለፈ። ጎልማሳ ሲሆን ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በክብር ዘበኛ ወታደርነት ተቀጠረ። በዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አገኘው። ኒስካነን ወታደሮቹን በእንጦጦ ዳገትና ቁልቁለት እያስሮጠ፣ ሩጫቸውን በሰዓት እየለካ፣ ድካማቸውንና ዕረፍታቸውን እየመዘነ ያሠለጥናቸው ነበር። እንግዲህ የአበበ ድል ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የብዙ ጊዜ ልፋት ፍሬ ነው።

የሮም ኦሎምፒክ የማራቶን ውድድር የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው፤ ከደባርቅ ዳባት ካለው መንገድ ይበልጣል። የቀኑ ሙቀት እንዳያደክማቸው ሯጮቹ የተነሡት ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ለአበበ የቀረቡለት ጫማዎች እግሩን ስላልተስማሙት፣ ሲለማመድም በባዶ እግሩ መሮጥ ለምዶ ስለ ነበር፣ ያለ ጫማ ለመሮጥ ቆረጠ። ጓደኛው አበበ ዋቅጅራም እንደ እርሱ በባዶ እግሩ ሮጦ 7ኛ ወጥቷል።

አበበ እንዲጠባበቀው የተነገረው ዋና ተፎካካሪ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር። በደረቱ ላይ 26 ቁጥር እንደሚለጥፍ ተነግሮት ስለ ነበር፣ አበበ እየሮጠ ያንን ቁጥር ይፈልግ ጀመር። ራዲ ግን ሌላ ቁጥር ለብሶ ነበርና፣ አበበ የሚፈልገው ሰው ከጎኑ እየሮጠ መሆኑን አላወቀም። ሁለቱ ብዙ ኪሎ ሜትር ጎን ለጎን ተጓዙ። ጀምበር ጠለቀች፤ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ዳርና ዳር የቆሙ ወታደሮች ችቦ ይዘው አበሩ። ያች ሌሊት በአገራችን የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበረች። በአበሻ ምድር ችቦ በሚበራባት ማታ፣ ያ ወታደር በባዕድ አገር በችቦ ብርሃን ሮጠ።

ወደ ፍጻሜው ሲቃረቡ፣ ሙሶሊኒ በ1929 ዓ.ም. አስነቅሎ የወሰደው የአክሱም ሐውልት በመንገዱ አጠገብ ቆሞ ነበር። አበበ ተፎካካሪውን ጥሎት የሄደው በዚሁ አካባቢ ነው። በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ ይህም በዘመኑ ከተሮጠው ሁሉ የፈጠነ ነበር። ራዲ ከ25 ሰከንድ በኋላ ተከተለው። የልጅነት ቀዬውን ያስለቀቀው ጦር በተላከበት ከተማ ድል ማድረጉን እናስተውል። ሐውልቱም በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም እንደገና ቆሟል።

እዚህ ላይ በመካከላችን የተነሣውን ክርክር ሳንጠቅስ አናልፍም። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ባዶ እግር የጥንካሬ ምሥጢር ነው ይላሉ። እኛ ግን አንስማማም። አበበ ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ጫማ ተጫምቶ ሲሮጥ፣ ከሮሙ 3 ደቂቃ ያህል ፈጥኗል። ባዶ እግር ለእርሱ በዚያች ማታ የተመረጠ ነገር ነበር፤ በውርጭ እግሩ ተሰንጥቆ ትምህርት ቤት ለሚመጣ ሕፃን ግን ምርጫ አይደለም። ስለዚህ አበበን እያመሰገንን ድኽነትን እንዳናመሰግን እንጠንቀቅ።

ከሮም በኋላ አበበ በአቴና፣ በኦሳካና በኮሺሴ የማራቶን ውድድሮች አሸነፈ። በ1955 ዓ.ም. ግን በአሜሪካ በቦስተን ከተማ 5ኛ ወጣ። መሸነፍንም ቀመሰ ማለት ነው። በመስከረም 1957 ዓ.ም. ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ትርፍ አንጀቱ ታመመና በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ብዙዎች ከእንግዲህ አይሮጥም አሉ። እርሱ ግን ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ ሁለተኛውን የወጣው ሯጭ ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው። እንደ ገባም አልወደቀም፤ በሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት አልነበረም።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሦስተኛውን ድል ሊፈልግ ተሰለፈ። የሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ከባሕር ዳርቻ አገሮች የመጡ ሯጮች በአየሩ መሳሳት ተጨነቁ። ከዚያ ለሚልቅ ከፍታ ለለመድን ለእኛ ለደባርቅ ልጆች ይህ የሚያስገርም አይደለም። ለአበበም የከበደው አየሩ ሳይሆን የታመመው እግሩ ነበር። 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ወርቁን ግን የአገሩ ልጅና የክብር ዘበኛ ባልንጀራው ማሞ ወልዴ ወሰደው። የአንዱ መድከም ለኢትዮጵያ ሽንፈት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን፤ አበበ የከፈተውን በር ሌላው ገብቶበታልና።

መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት መኪናው ተገልብጣ አንገቱና አከርካሪው ተጎዳ። እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ ተሳነው። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለብዙ ወራት ከታከመ በኋላ እጆቹ ዳኑ፤ እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልተራመዱም። ዓለምን በእግሩ ያሸነፈ ሰው በ36 ዓመቱ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሜዳሊያዎቹን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያለፈውን እያሰበ በኖረ ነበር። አበበ ግን በ1962 ዓ.ም. በዚያው በስቶክ ማንደቪል በሚደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ወርዋሪ ሆኖ ቀረበ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ በእንግድነት ወደ ኖርዌይ ተጠርቶ ሄደ፤ እንግድነቱን ትቶ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ከሁሉ የሚደንቀው፣ ውሾች በሚስቡት መንሸራተቻ በበረዶ ላይ በተደረገው ውድድር 16 ተወዳዳሪዎች በተሰለፉበት አንደኛ መውጣቱ ነው። እኛ በቧሒትና በራስ ዳሸን ጫፍ የሚነጣውን በረዶ ከሩቅ አይተን እንበርዳለን። ያ የሸዋ እረኛ ግን እግሮቹ በማይታዘዙበት ጊዜ በሰሜን አውሮፓ በረዶ ላይ ድል አደረገ። ለዚህ ድል ከተማ አልተሰለፈለትም፤ ለእኛ ግን ከሮሙ የማያንስ ሆኖ ታይቶናል።

በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ኦሎምፒክ በክብር እንግድነት ተገኘ፤ ሕዝቡም ተነሥቶ አጨበጨበለት። ከአንድ ዓመት ጥቂት በላይ እንደ ቆየ፣ በአደጋው ጠንቅ በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱና እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኙበት በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ይህን ታሪክ በምንጽፍበት ጊዜ ሁለት ነገር በልባችን ነበር። አንደኛው፣ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነት በአካባቢያችን ካለፈ ወዲህ ክራንች ይዘው በገበያ የምናያቸው ወጣቶች ናቸው። ስናያቸው ከንፈር መጠን እናልፋለን፤ ወደ ሜዳችን ግን አንጠራቸውም። አበበን ኖርዌዮች ለእንግድነት ቢጠሩትም፣ እርሱ ከተወዳዳሪዎች መካከል መቆምን መረጠ። እነዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም በትምህርት ቤታችን የስፖርት ቀን ከተመልካች ወንበር ወርደው የሚወዳደሩበት ጨዋታ ቢዘጋጅላቸው፣ ለበዓሉ ትልቅ ጌጥ ይሆን ነበር ብለን እናስባለን።

ሁለተኛው እኛው ራሳችን ነን። እነሆ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተቃርቧል። አንዳንዶቻችን እናልፋለን፤ አንዳንዶቻችን በመንገዱ ላይ እናቋርጥ ይሆናል። የተሳካለት አበበ በቦስተን 5ኛ እንደ ወጣ ይወቅና አይታበይ። ያልተሳካለትም አበበ በሜክሲኮ ማቋረጡን፣ ከሦስት ዓመት ሳይበልጥም በበረዶ ላይ ማሸነፉን ያስታውስ። መምህሮቻችንና ወላጆቻችንም ልጁን በአንድ ቀን ውጤት እንዳይመዝኑት በትሕትና እንለምናለን። ለትምህርት ቤታችን ረዥም ዕድሜ እንመኛለን።