ትንሹ ራስ ዓሊና ዝምድናቸው

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፤ እኛ የወልድያ፣ የመርሳና የሐብሩ ልጆች የምንኖርባት የየጁ ምድር በዘመነ መሳፍንት ለጎንደር መንግሥት እንደራሴዎችን ያፈራች መሆንዋን ብዙዎቻችን ከአባቶች ሰምተናል። ከእነርሱም የመጨረሻው ትንሹ ራስ ዓሊ ናቸው። ታሪካቸው ስለ ዝምድናና ስለ ጋብቻ የሚያስተምረን ቁም ነገር ስላለው በአጭሩ እናቀርበዋለን።

ራስ ዓሊ የራስ ጉግሣ የልጅ ልጅ ሲሆኑ አባታቸው አሉላ ይባላሉ። እናታቸው ወይዘሮ መነን ግን የወሎው እስላም ባላባት የሊበን አመዴ ልጅ ነበሩ። በ1823 ዓ.ም. ራስ ዓሊ ሥልጣን ሲይዙ ገና ልጅ ስለ ነበሩ፣ እናታቸውና የየጁ መኳንንት ያግዟቸው ነበር። ወይዘሮ መነንም በኋላ አፄ ዮሐንስ 3ኛን አግብተው እቴጌ ተባሉ።

በ1834 ዓ.ም. የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ደብረ ታቦር ላይ ገጥመው ድል ቀንቷቸው ነበር። ራስ ዓሊ ሸሽተው ሳለ ዘመዳቸው ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደርሰው ውቤን ስለ ማረኩ ሥልጣኑ ተረፈላቸው። ዘመድ የጠቀማቸው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የቋራው ካሣ ኃይሉ በሸፈቱ ጊዜ፣ በጋብቻ ይታሰራሉ ተብሎ የራስ ዓሊ ልጅ ወይዘሮ ተዋበች ተዳሩላቸው። ካሣ ግን አልታሰሩም። በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነንን ማርከው አገር ከተሰጣቸው በኋላ ለቀቋቸው። ሰኔ 1845 ዓ.ም. ደግሞ አይሻል ላይ አማታቸውን ራስ ዓሊን ድል ነሡ። ራስ ዓሊም ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ የጁ ሸሹ፤ ሥልጣናቸውም በዚሁ አበቃ።

ወጣቶች ሆይ፤ ወይዘሮ ተዋበች በአባታቸውና በባላቸው መካከል ምን ያህል እንደ ተጨነቁ እናስብ! ሆኖም ቃል ኪዳናቸውን አላፈረሱም። ባላቸው በ1847 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ አብረዋቸው ነበሩ፤ በ1850 ዓ.ም. እስኪሞቱም ድረስ አልተለዩአቸውም። ንጉሡም እጅግ መሪር ኀዘን አዘኑ።

እንግዲህ መኳንንቱ ለሥልጣን ብለው ያሰሩት ዝምድና ተበጠሰ፤ ተዋበች በእውነት የጠበቁት ጋብቻ ግን ጸና። እኛም ነገ ትዳር ስንመሠርት ሀብትንና ወገንን ሳይሆን ቃል ኪዳንን እናስቀድም። ለዚህም እግዚአብሔር ይርዳን፤ አሜን።