ጨጓራ የመሰለው የፕሬዚዳንቱ ሕመም

ደረትዎን ሲያቃጥልዎ ወይም ሲጨንቅዎ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ምንን ነው? ብዙዎቻችን ጨጓራ ነው ብለን የማታውን እራት እንወቅሳለን። 34ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወርም ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

አይዘንሃወር እ.አ.አ በ1890 ቴክሳስ ውስጥ ተወለዱ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኖርማንዲን ዘመቻ የመሩ ጄኔራል ናቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ የተቀበሏቸውም እርሳቸው ነበሩ። ለዓመታት በቀን እስከ አራት ፓኮ ሲጋራ ያጨሱ ነበር፤ በ1949 ሐኪም ሲመክራቸው በአንድ ጊዜ ተዉት። ቁጣቸውን ግን አልተዉም።

ሴፕቴምበር 23 ቀን 1955 ለዕረፍት ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ከተማ ነበሩ። ጠዋት ጎልፍ ተጫወቱ፤ ምሳ ሃምበርገር በጥሬ ሽንኩርት በሉ፤ ከሰዓትም ወደ ሜዳው ተመለሱ። ጨዋታው በስልክ ጥሪ እየተቋረጠ አናደዳቸው። ሆዳቸው ቅር ሲላቸው በሽንኩርቱ አመካኙ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ የደረት ሕመም ቀሰቀሳቸው። ባለቤታቸው የጨጓራ ማስታገሻ ሰጥተው የግል ሐኪማቸውን ዶክተር ሃዋርድ ስናይደርን ጠሩ። ሐኪሙ ሞርፊን ወጉዋቸው፤ ታማሚው አንቀላፉ። ጠዋት ለጋዜጠኞች የተነገረው ምግብ አልፈጭ ብሏቸው ነው የሚል ነበር።

ስናይደር ልብ መሆኑን አውቀው ነው የደበቁት ወይስ እውነትም ሆድ መስሏቸው? የታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከሩበታል። የማያከራክረው፣ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በወረቀት የሚያሳየው ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ የተነሳው እኩለ ቀን ገደማ መሆኑ ነው። ሕመሙ ከጀመረ አሥር ሰዓት ያህል ሆኖት ነበር። ውጤቱም ሃርት አታክ ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ የደረት ሕመም ይዞት ድንገተኛ ክፍል የደረሰ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ሊነሳ ይገባል። ስለዚህ ካርድ ለማውጣት ከመሰለፍዎ በፊት ደረትዎን እንደሚያምዎ ለነርሷ ይንገሩ፤ የጀመረበትን ሰዓትም አይርሱ፣ ሕክምናው በእርሱ ይወሰናልና። የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና ነው ቢባል እንኳ ነገሩ አላለቀም። ይደገማል፤ ትሮፖኒን የተባለው የደም ምርመራም በሰዓታት ልዩነት ይታያል፤ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ይህ ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይጨምራልና። የጨጓራ መድኃኒት ስላሻለዎት ብቻ ልብ አይደለም ማለት አይቻልም። ምክንያቱ የደም ሥር መዘጋት ከሆነ፣ የረጋውን ደም በሚያሟሟ መድኃኒት ወይም በቀጭን ቱቦ ገብቶ በመክፈት ይታከማል። የሞተ የልብ ጡንቻ ተመልሶ ስለማይበቅል እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው።

ሕመሙ ከደረት መሐል ተነስቶ ወደ ክንድ፣ መንጋጋ ወይም ጀርባ ከሄደ፣ ላብ ካጠመቀዎ፣ ትንፋሽ ካጠረዎ ጠዋትን አይጠብቁ። ስኳር ሕመም ባለባቸው፣ በሴቶችና በአረጋውያን ደግሞ ማቅለሽለሽና ድካም ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። መኪና ራስዎ አይንዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። የአስፕሪን አለርጂ ወይም የመድማት ችግር ከሌለብዎና ባለሙያ ከፈቀደልዎ 300 ሚሊ ግራም አስፕሪን አኝከው ይዋጡ።

ወደ አይዘንሃወር እንመለስ። በዚያን ጊዜ የተዘጋ የልብ የደም ሥር የሚከፍት የተለመደ ሕክምና አልነበረም፤ ኦክስጅን፣ ደም ማቅጠኛና ዕረፍት ብቻ። ከቦስተን የመጡት የልብ ሐኪም ፖል ደድሊ ዋይት ለጋዜጠኞች ሁሉንም በግልጽ አስረዱ፤ ፕሬዚዳንቱ ሰገራ መውጣታቸውን ሳይቀር! አንዳንዱ አፈረ፣ ሕዝቡ ግን ስለ ልብ ሕመም ብዙ ተማረ። የልብ ሕመምተኛ ለሳምንታት ተጋድሞ እንዲቆይ ይደረግ በነበረበት ዘመን፣ ዋይት ታማሚያቸው ቀስ በቀስ እንዲቀመጡና እንዲንቀሳቀሱ አበረታቱ።

አይዘንሃወር ሰባት ሳምንት ተኝተው ከሆስፒታል ወጡ፤ በቀጣዩ ዓመት ዳግም ተመረጡ፤ እስከ 1961 መሩ። በ1957 ስትሮክ፣ ከ1965 ጀምሮ ደግሞ ተደጋጋሚ የልብ ሕመም ገጠማቸው። ማርች 28 ቀን 1969 በ78 ዓመታቸው፣ ዋሽንግተን በነበረው ዋልተር ሪድ ሆስፒታል፣ ልባቸው ደክሞ አረፉ።