የመጻሕፍትን ስም የመዘገቡት ብላቴን ጌታ ኅሩይ

ዛሬ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። እሳቸውን የመረጥኩት በምክንያት ነው።

ባለፈው ክረምት ቤት ስናጸዳ አልጋ ሥር የነበረ አንድ ካርቶን አሮጌ ወረቀት መስሎኝ ለቆራሌው በ20 ብር ሸጥኩት። ለካ የአያቴ መጻሕፍት ነበሩበት! በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት፣ ያኔውኑ የታተመው፣ እዚያ ውስጥ ነበር። አያቴ የሸጥኩበትን ዋጋ ብቻ ጠየቁኝ። በማግስቱ መርካቶ ምናለሽ ተራ ድረስ ሄደን ፈለግን፤ አላገኘንም። ስንመለስ በመንገድ ላይ የኅሩይን ታሪክ አጫወቱኝ።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. መርሐ ቤቴ ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ወደ እንጦጦ ራጉኤል መጡ። በዚያ ዘመን አብዛኛው መጽሐፍ በብራና ላይ በእጅ የተጻፈ ሆኖ በየገዳሙና በየደብሩ ተበትኖ ይገኝ ነበር። የታተመ መጽሐፍ ገና ጥቂት ነው። የቱ መጽሐፍ እንዳለ ካልታወቀ ደግሞ ሲጠፋም የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ኅሩይ በአገራችን የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት መዝግበው በ1904 ዓ.ም. ዝርዝሩን አሳተሙ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው እንደገና አወጡት።

ምን አለፋችሁ፣ ሥራቸው ብዙ ነው! ወዳጄ ልቤን ጨምሮ ብዙ መጻሕፍት ጽፈዋል፤ ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤት አቋቁመዋል፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ሆነው ጃፓን ድረስ ሄደዋል።

በ1928 ዓ.ም. የጻፉት የኢትዮጵያ ታሪክ ገና እየታተመ ሳለ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባና ሥራው ተቋረጠ። እሳቸውም ተሰደው በ1931 ዓ.ም. መስከረም ላይ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ አረፉ። ከነጻነት በኋላ አጽማቸው መጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

እኔም ማታውኑ ደብተር አወጣሁ። አያቴ በካርቶኑ ውስጥ የነበሩትን መጻሕፍት አንድ በአንድ እያስታወሱ ነገሩኝ፤ እኔ ጻፍኩ። 11 ሆኑ። መጻሕፍቱን ባልመልስም ስማቸው ቀርቷል፤ ስማቸው ካለ ደግሞ አንድ ቀን ወመዘክር ሄጄ እፈልጋቸዋለሁ።

እናንተም ቤታችሁ አሮጌ መጽሐፍ ካለ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ትልቅ ሰው ጠይቁ፤ ስሙንና የታተመበትን ዓመት ጻፉ። እኔ ባለማወቄ ያጠፋሁትን እናንተ አታጥፉ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል