አባ ኢየሱስ ሞዓ የደረሱበት አገር ደን አልነበረም

ስለ ድሮዋ ኢትዮጵያ ስናስብ ብዙዎቻችን አንድ ዓይነት ሥዕል ነው የሚመጣልን። አገሩ ከዳር እስከ ዳር ደን ነበር፣ ከዚያ በቅርቡ ተጨፍጭፎ አለቀ። በዚህ ሥዕል ከሄድን፣ ከ770 ዓመት በፊት ወሎ የደረሱ አንድ መነኩሴ የተቀበላቸው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ መሆን ነበረበት። ግን አልነበረም። ይሄንን የነገረን ደግሞ የአርዲቦ ሐይቅ ጭቃ ነው።

መነኩሴው አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1214 አካባቢ ዳኅና በሚባል አገር ነው። ወጣት ሳሉ ወደ ትግራይ ተሻግረው በገመድ ካልሆነ የማይወጣበት ደብረ ዳሞ ገቡ። እዚያም በአባ ዮሐኒ ሥር መነኮሱ። ገድላቸው የተጻፈው ካረፉ ከረዥም ጊዜ በኋላ ቢሆንም፣ ሁለት ነገር አጥብቆ ይነግረናል፦ ጸሎታቸው ብርቱ ነበር፣ እጃቸውም ለቁም ጽሕፈት የተፈጠረ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1248 አካባቢ ወደ ደቡብ ወርደው ዛሬ ሎጎ ሐይቅ የምንለው ቦታ ደረሱ። የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ያኔ ያለችው በውሃ የተከበበ ደሴት ላይ ነው፤ ዛሬ ደሴቱ ከየብስ ጋር ተገናኝቷል። አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚያ ገዳም አደራጁ፣ ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ መጻሕፍት አስጻፉ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ለዓመታት የተማሩት እሳቸው ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1270 የነገሠው ይኩኖ አምላክም የእሳቸው ተማሪ እንደነበር ትውፊቱ ይናገራል። የሐይቅ አበምኔቶች ዓቃቤ ሰዓት የሚባለውን ትልቅ ማዕረግ የያዙትም ከዚህ ወዳጅነት የተነሳ ነው ይባላል። በ1280 አካባቢ ለገዳሙ የሰጡት በሥዕል ያጌጠ አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ቆይቷል። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1293 አካባቢ ሲሆን፣ በዓላቸው ኅዳር 26 ይከበራል።

እንግዲህ ወደ ጭቃው እንሂድ። አርዲቦ ከሎጎ ሐይቅ ከፍ ብሎ ያለ ሐይቅ ነው፤ ውሃው ወደ ሎጎ ይወርዳል። በየዓመቱ ነፋስ የሚያመጣው የአበባ ዱቄት ሐይቁ ላይ ያርፍና ከደለሉ ጋር ተደራርቦ ይቀመጣል። የእያንዳንዱ ተክል ዱቄት ቅርጹ ስለሚለያይ፣ ጭቃውን ቆፍሮ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው በየትኛው ዘመን ምን ይበቅል እንደነበር ማንበብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ከአርዲቦና ከሎጎ የወጣ ጭቃ መርምሮ የ3000 ዓመት ታሪክ አውጥቷል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የዝግባና የጽድ ደኑ የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ለ1800 ዓመት ያህል አካባቢውን የያዙት ክትክታና ሣር ናቸው። ልብ በሉ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ የመጡት በዚህ ዘመን ውስጥ ነው። ከደሴቷ ሆነው ዙሪያውን ሲያዩ ዓይናቸው የሚያርፈው በአብዛኛው በቁጥቋጦና በግጦሽ ላይ ነበር ማለት ነው።

የሚገርመው የሚቀጥለው ነው። እሳቸው ካረፉ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ደኑ ተመለሰ። ጽዱ በዛ፣ ወይራውም አብሮት መጣ። ከዚያ ወዲህ ባሉት 300 ዓመታት ደግሞ ግጦሹና ምንጣሮው በርትቶ አፈሩ ይታጠብ ጀመር።

ይሄ ለእኛ ትውልድ ትልቅ ወሬ ነው። ደን አንዴ ከጠፋ አለቀለት የሚለውን ተስፋ መቁረጥ ያፈርሰዋል። ግን በነፃ አይመጣም፤ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ መሬቱ ከመጥረቢያና ከከብት ፋታ ማግኘት አለበት። ሁለተኛ፣ የዘር ምንጭ ያስፈልጋል። የጽድንና የወይራን ፍሬ ወፍ በልቶ ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥላል፤ እናት ዛፍ ከሌለ ግን ወፏ የምታመጣው የለም።

የገዳምና የቤተ ክርስቲያን ደኖች ዋጋ እዚህ ላይ ነው። በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ተጠንተው 168 ዓይነት ዛፍና ቁጥቋጦ ተገኝቶባቸዋል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ይሄ ዋናው ተቀማጭ ነው፤ ወለዱን መብላት ይቻላል፣ ዋናውን ከነኩት ግን ነገ የሚያወልድ የለም።

የአየር ንብረት ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ዛፍ ከአየር ላይ ካርቦን ወስዶ በግንዱ፣ በሥሩና በአፈሩ ያስቀምጣል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎም ይቆረጣል፤ ማገዶ ሲሆን ካርቦኑ ተመልሶ ወደ ሰማይ ይወጣል። ወይራና ጽድ ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ግን ለመቶ ዓመታት ይይዙታል። ብዙ ዓይነት ዛፍ ያለበት ደን ደግሞ አንዱን በሽታ ወይም ድርቅ ሲጥለው ሌላው ይቆማል። ገንዘቡን ሁሉ አንድ ዕቁብ ውስጥ የከተተ ሰውና ያከፋፈለ ሰው እኩል አይከስሩም።

በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር የምንጠያየቀው ስንት ችግኝ ተተከለ ብለን ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። ስንት ዓይነት ተተከለ? ስንቱ ጸደቀ? የቆመው አሮጌ ደንስ ተጠብቋል ወይ?

አባ ኢየሱስ ሞዓ በቁጥቋጦ አገር መሃል ቁጭ ብለው፣ ከእሳቸው በኋላ ለሚመጣ አንባቢ መጽሐፍ አቆይተዋል። ደኑ ሲመለስ ግን ለማየት አልታደሉም። እኛም ዛሬ የምንተክለውን ወይራ ትልቅ ሆኖ ላናየው እንችላለን። አርዲቦ ግን የዘንድሮውንም የአበባ ዱቄት እየተቀበለ ነው፤ የእኛ ዘመን ጽድና ወይራ ይሁን ክትክታ፣ ከስር ጭቃው ላይ ይጻፋል።