የጉንፔ ዮኮይ አጭር የሕይወት ታሪክ

በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚመረጡት ነገሥታት፣ የጦር አለቆች ወይም መድኃኒት ያገኙ ሊቃውንት ናቸው። እኛ በዚህ ዓመት የመረጥነው ግን መጫወቻ ሲሠራ ኖሮ የሞተ ሰው ነው። ይህን ስንል ፈገግ የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። በጌም ምክንያት የልጆቻቸው ጥናት የተጓደለባቸው ወላጆችም እንዲህ ያለው ሰው በምን ይመሰገናል ሳይሉ አይቀሩም። ሆኖም የጉንፔ ዮኮይ ሕይወት ጌም የማይወድ ሰው እንኳ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለው። የሙያ ጓደኞቹ ሁሉ አዲስና ውድ ነገር ለማግኘት ሲሽቀዳደሙ እርሱ የረከሰውንና ሌላው የሰለቸውን ዕቃ አንሥቶ፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ የተሸጠ መሣሪያ አወጣበት። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጉንፔ ዮኮይ በሴፕቴምበር 10 ቀን 1941 በጥንታዊቷ የጃፓን ከተማ በኪዮቶ ተወለደ። በዚያው ከተማ በሚገኘው በዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማረ። ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ትልልቆቹ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ለመግባት ፈልጎ ስላልተሳካለት፣ በ1965 ኒንቴንዶ በሚባል የኪዮቶ ኩባንያ ተቀጠረ። ኒንቴንዶ በዚያ ጊዜ ዛሬ በምናውቀው ሥራ አይታወቅም ነበር። በ1889 ተቋቁሞ ሃናፉዳ የሚባለውን የጃፓን ካርታ የሚያትም ፋብሪካ ነበረ። ይህ ካርታ ቍጥሩ 48 ሆኖ፣ ለዓመቱ ወራት ለእያንዳንዳቸው አራት አራት ተመድቦላቸው፣ ወሩ በአበባው ወይም በዛፉ ሥዕል የሚታወቅበት ነው። የወጣቱ መሐንዲስ ሥራ ካርታ የሚያትሙትን ማሽኖች መጠበቅና ሲበላሹ መጠገን ነበር።

ማሽኖቹ ብዙም ስለማይበላሹ ዮኮይ ሥራ ይፈታ ነበር። ጊዜ ለማሳለፍ ሲል በፋብሪካው መሣሪያዎች እየተጠቀመ፣ እንደ መቀስ የተጠላለፉ ዘንጎች ያሉት አንድ መጫወቻ ለራሱ ሠራ። እጀታውን ሲጨምቁት ዘንጎቹ ይዘረጋሉ፤ በጫፉ ያለውም መቈንጠጫ ራቅ ብሎ የተቀመጠውን ዕቃ ይይዛል። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማውቺ ይህን አየና ወደ ቢሮው አስጠራው። ያማውቺ ቍጡና ሠራተኛው ሁሉ የሚፈራው ሰው ስለ ነበረ፣ ዮኮይ በሥራ ሰዓት በመጫወቱ የሚቀጣ መስሎት ቀረበ። የተሰጠው ትእዛዝ ግን መጫወቻውን ለገበያ እንዲያዘጋጅ ነበር። አልትራ ሃንድ የተባለው ይህ መጫወቻ በ1966 ወጥቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ማሽን ጠጋኙም የመጫወቻ ፈልሳፊ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ከሠራቸው ብዙ ዕቃዎች መካከል ሁለቱን እናንሣ። በ1969 የወጣው ላቭ ቴስተር አንድ ወንድና አንዲት ሴት እጅ ለእጅ ተያይዘው የፍቅራቸውን መጠን ይለካሉ የሚባልበት መጫወቻ ነበር። በውስጡ ያለው በፊዚክስ ክፍላችን የምናውቀው ጋልቫኖሜትር ብቻ ነው፤ በሁለቱ ሰዎች ሰውነት የሚያልፈውን ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ይለካል እንጂ ስለ ፍቅር የሚያውቀው ነገር የለም። መምህሮቻችን ይቅርታ ያድርጉልንና፣ ከመማሪያ መጽሐፋችን ይልቅ የጋልቫኖሜትርን ጠባይ በደንብ የሚያስረዳ ምሳሌ ይህ ይመስለናል። ሁለተኛው በ1970 የወጣው በብርሃን የሚተኵስ ጠመንጃ ነው። ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ እንዲያወጣ የተሠራውን ሴል ወስዶ የጠመንጃው ብርሃን ዒላማውን መምታቱን እንዲያውቅ አደረገው። የሴሉን ነገር ከሻርፕ ኩባንያ መጥቶ የነገረው ማሳዩኪ ኡኤሙራ የሚባል መሐንዲስ ሲሆን፣ እርሱም በኋላ ኒንቴንዶ ገብቶ ፋሚኮም የተባለውን ስመ ጥር የጨዋታ ማሽን ሠርቷል።

እነዚህ ሁሉ አንድ መንገድ ያሳያሉ። ዮኮይ ራሱ በኋላ ይህን መንገድ በጠወለገ ቴክኖሎጂ ወደ ጐን ማሰብ ብሎ ሰየመው። የጠወለገ ሲል የማይረባ ማለቱ አይደለም። አንድ አዲስ ግኝት መጀመሪያ ውድ ነው፤ ጠባዩም አይታወቅም፤ ቶሎ ይበላሻል። ብዙ ዓመት ከተሠራበት በኋላ ግን ዋጋው ይረክሳል፤ ጕድለቱም ሁሉ ይታወቃል። በዚያን ጊዜ መሐንዲሶች ይሰለቹትና ወደ ሌላ አዲስ ነገር ይሄዳሉ። የዮኮይ ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን የረከሰ ነገር ማንም ባላሰበው ሥራ ላይ ብናውለውስ የሚል ነው።

የዚህ ትልቁ ማስረጃ የመጣው ከካልኩሌተር ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ሻርፕና ካሲዮ የኪስ ካልኩሌተር እያረከሱ ብርቱ ፉክክር ስላደረጉ፣ ቍጥር የሚያሳየው የፈሳሽ ክሪስታል መስኮት በጣም ርካሽ ሆኖ ነበር። ዮኮይ አንድ ቀን ሺንካንሰን በሚባለው ፈጣን ባቡር ሲጓዝ፣ አንድ መንገደኛ ሰልችቶት የካልኩሌተር ቍልፎችን ዝም ብሎ ሲነካካ አየ። ትልቅ ሰው ሳያፍር በእጁ ደብቆ የሚጫወትበት ትንሽ ጨዋታ ቢኖርስ ብሎ አሰበ። ይህን ሐሳብ ለፕሬዚዳንቱ የነገረው ሹፌሩ በቀረበት ዕለት መኪናውን ራሱ እየነዳለት ነው። ያማውቺ በመንገድ ላይ ምንም አላለም፤ ጥቂት ቀናት ቈይቶ ግን የሻርፕ ኩባንያ አለቆች ወደ ኒንቴንዶ መጡ። እንዲህ ሆኖ ጌም ኤንድ ዎች በ1980 ወጣ፤ እስከ 1991 ድረስ በየዓይነቱ እየተሠራ ከ43 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ከነዚሁ አንዱ በ1982 የወጣው፣ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፈው ዶንኪ ኮንግ ነው። እስከዚያ ድረስ በጨዋታ ውስጥ ያለው ሰው ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚነዳው ቀጥ ብሎ በቆመ ዘንግ ነበር። ዘንግ ግን ኪስ ውስጥ በሚገባ ዕቃ ላይ አይሆንም። ዮኮይ በዘንጉ ፋንታ ጠፍጣፋ የመስቀል ቅርጽ ያለው ቍልፍ አደረገ። አውራ ጣት ሳይታይ አራቱን አቅጣጫ በመዳሰስ ብቻ ያውቃል። በ1983 የወጣው ፋሚኮም ይህን ቍልፍ ወሰደ፤ ከዚያም ሌሎች ኩባንያዎች እየተከተሉ በየራሳቸው ቅርጽ ሠሩት። በእኛ አስተያየት ይህ ትንሽ የፕላስቲክ ቍራጭ ከሌሎቹ ሥራዎቹ ሁሉ ይበልጣል።

አሁን ወደ ሰማንያዎቹ መጨረሻ እንድረስ። በዚያ ጊዜ የጨዋታው ዓለም በሁለት ሰፈር የተከፈለ ነበር። በጃፓንና በአሜሪካ ልጆች ከቴሌቪዥን ጋር በሚያያዘው ማሽን ይጫወታሉ። በእንግሊዝና በሌላው የአውሮፓ ክፍል ደግሞ በ1982 የወጡት ዜድ ኤክስ ስፔክትረምና ኮሞዶር 64 የተባሉት የቤት ኮምፒዩተሮች ነገሡ። በነዚህ ኮምፒዩተሮች ጨዋታው የሚገኘው በተራ የሙዚቃ ካሴት ላይ ስለ ነበረ፣ ቴፑ እየጮኸ ብዙ ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። ትዕግሥት ያለው ልጅ ከመጽሔት ላይ ፕሮግራም እየገለበጠ በገዛ እጁ ይጽፍ ነበር፤ በዚህ መንገድ ብዙ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ወጥተዋል። በ1987 አሚጋ 500፣ በ1988 ደግሞ የሴጋ ሜጋ ድራይቭ መጡ። ፉክክሩ ሁሉ የማን ቀለም ይበዛል፣ የማን ድምፅ ያምራል፣ የማን ማሽን ይፈጥናል የሚል ሆነ።

ዮኮይ በዚህ ጊዜ የኒንቴንዶ የመጀመሪያው የምርምር ክፍል አለቃ ነበር። ከዚህ ክፍል በ1986 ሜትሮይድ የተባለው ዝነኛ ጨዋታ ወጥቶ ነበር። በኤፕሪል 21 ቀን 1989 ደግሞ ጌም ቦይ የተባለውን የእጅ መሣሪያ ለገበያ አወጡ። መስኮቱ ቀለም የለውም፤ በአረንጓዴ ላይ አራት ዓይነት ጥላ ብቻ ያሳያል። ማስሊያው በ1976 ከወጣው ዜድ 80 ከተባለው የኮምፒዩተር አንጐል ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው ነበር። በውጭ ለሚያየው በዘመኑ ከነበሩት ማሽኖች ሁሉ ወደ ኋላ የቀረ ይመስላል።

ነገር ግን ልዩነቱን በሒሳብ እንመልከተው። በዚያው ዓመት አታሪ ሊንክስ የተባለውን ባለ ቀለም የእጅ መሣሪያ አወጣ። ዋጋው ወደ 180 ዶላር ሆኖ ስድስት ባትሪ ድንጋይ ይበላል፤ ድንጋዩም የሚቈየው ወደ አምስት ሰዓት ያህል ነው። በ1990 የወጣው የሴጋ ጌም ጊርም እንደዚሁ ስድስት ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ይጨርስ ነበር። ጌም ቦይ በ90 ዶላር ይሸጣል፤ በአራት ድንጋይም ከአሥር ሰዓት በላይ ያጫውታል። ለድንጋይ መግዣ ከአባቱ ገንዘብ የሚለምን ልጅ የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ተፎካካሪዎች አዲስ መሣሪያ አወጡ የሚል ወሬ ሲመጣ ዮኮይ ባለ ቀለም መሆኑን ይጠይቅና፣ ነው ሲሉት እንግዲያው ሥጋት የለብንም ይል እንደ ነበር ይነገራል። ሰው በጨዋታ ከተመሰጠ ቀለሙን ልቡ ይሞላዋል የሚል እምነትም ነበረው።

ይሁን እንጂ ነገሩ በቀላሉ የተሳካ አይደለም። መጀመሪያ የተመረጠው መስኮት ፊት ለፊት ካልሆነ በቀር አይታይም ነበር። ያማውቺ ተቀብሎ ሲመለከተው ምንም አይታየኝም ብሎ ስለ መለሰው፣ ሻርፕ ለዚሁ ሥራ መዘጋጀት ከጀመረ በኋላ መስኮቱን በሌላ ዓይነት መለወጥ ግድ ሆነ። ዮኮይ በነዚያ ቀናት ከጭንቀት የተነሣ ምግብ አልበላ ብሎት ነበር ይባላል። ደግሞም የሥራ ጓደኛውን የሳቶሩ ኦካዳን ድርሻ መርሳት አይገባም። ጨዋታው የሚለዋወጥና ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ጠንካራ መሣሪያ ይሁን ብሎ የተከራከረው ኦካዳ ነው። ዮኮይ መጀመሪያ ያሰበው ከጌም ኤንድ ዎች ብዙም የማይርቅ ቀላል መጫወቻ ነበር። የአንድ ሰው ታሪክ ሲጻፍ ሥራውን ሁሉ ለእርሱ መስጠት የተለመደ ስሕተት ስለ ሆነ ይህን መጻፍ ተገቢ መስሎናል።

ዕድልም ረድቷል። በ1984 በሞስኮ አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሚባል የኮምፒዩተር ሊቅ ቴትሪስ የተባለውን ጨዋታ ሠርቶ ነበር። ከላይ የሚወርዱትን ቅርጾች እየገጣጠሙ መደርደር እንጂ ሌላ ነገር የለውም፤ ቀለምም ሆነ ፍጥነት አያስፈልገውም። በአሜሪካ ጌም ቦይ ሲሸጥ ቴትሪስ አብሮት ስለ ተሰጠ፣ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ እናቶችና የቢሮ ሠራተኞችም ያዙት። በ1993 አንድ የሩሲያ የጠፈር ተጓዥ ይዞት ወደ ሚር ጣቢያ ወጥቶበታል። ጌም ቦይና በኋላ የወጣው ባለ ቀለሙ ታናሽ ወንድሙ በአንድነት ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ።

ከዚህ በኋላ ያለው ያሳዝናል። በ1995 ዮኮይ ቨርቹዋል ቦይ የተባለውን መሣሪያ አወጣ። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ዓይን ተደቅኖበት የሚታይ ሲሆን፣ ቀይ ሥዕሉን ጥልቀት ያለው አስመስሎ ያሳያል። ቀዩ የብርሃን ነጥብ ርካሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሥዕሉን በሚንቀጠቀጥ መስተዋት የሚዘረጋው አሠራር ገና ያልበሰለ ነበር። ዮኮይ በዚህ ሥራ ከገዛ ራሱ መንገድ ወጥቷል ብለን እናምናለን። ተጫዋቹ አንገቱና ዓይኑ ይደክመዋል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰውም ምን እንደሚያይ አያውቅም። 800 ሺህ እንኳ ሳይሸጥ በ1996 ሥራው ቆመ።

ዮኮይ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር 31 ዓመት ያገለገለበትን ኩባንያ ተሰናበተ። በውድቀቱ ምክንያት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እርሱ ግን ዕድሜው ከሃምሳ ሲያልፍ የራሱን ሥራ ለመሥራት ቀደም ብሎ ያሰበው መሆኑን ገልጿል። ኮቶ የሚባል ትንሽ ድርጅት በኪዮቶ አቋቁሞ ባንዳይ ከተባለው የመጫወቻ ኩባንያ ጋር አንድ አዲስ የእጅ መሣሪያ መንደፍ ጀመረ።

ሥራውን ግን ሲወጣ አላየውም። በኦክቶበር 4 ቀን 1997 በሆኩሪኩ አውራ ጎዳና በኢሺካዋ አውራጃ ሲጓዝ፣ የተሳፈረበት መኪና ከአንድ የጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ግጭቱ ቀላል ስለ ነበረ ዮኮይ የደረሰውን ጉዳት ለማየት ወረደ። በዚያ ቅጽበት ሌላ መኪና መጥቶ ገጨውና በ56 ዓመቱ ሞተ።

መሣሪያው ዎንደርስዋን ተብሎ በማርች 1999 ለገበያ ቀረበ። ቀለም የለውም፤ የሚሠራው በአንድ ባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ዋጋውም 4,800 የን ነበር። አብሮት የወጣው፣ መስመሮችን እየቀጣጠሉ የሚጫወቱት ጨዋታ ጉንፔ ተብሎ በስሙ ተጠርቷል።